ስሙ በስብራት ላይ የቀረው ሐኪም

ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ የሚቀርባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። አንዱ መንገድ ይሰየምለታል፤ አንዱ ትምህርት ቤት፤ ሌላው ሐውልት ይቆምለታል። የዛሬው ባለታሪኬ ስም የቀረው ግን በተሰበረ እጅ ላይ ነው። አብርሃም ኮሊስ ይባላል፤ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ካረፈ ከ180 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ግን ዛሬም በየድንገተኛ ክፍሉ ይጠራል፣ በየኢንሹራንስ ቢሮው ይጻፋል። እኔም በእንጀራዬ ምክንያት ይህን ስም ሳላገኝ የማሳልፈው ሳምንት ጥቂት ነው።

እንጀራዬ ምን መሰላችሁ? የምኖረው አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የምሠራው ደግሞ ሜዲካል ኮዲንግ የሚሉትን ሥራ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ ይጽፋል። እኔ ያ ጽሑፍ ይደርሰኝና ወደ ፊደልና ቁጥር እለውጠዋለሁ። ሆስፒታሉ ገንዘቡን የሚጠይቀው፣ ኢንሹራንሱ እከፍላለሁ ወይም አልከፍልም የሚለው፣ መንግሥትም ስንት ሰው በምን ታመመ ብሎ የሚቆጥረው በዚያ ቁጥር ነው። በሽተኛውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ድምፁንም አልሰማም። የማውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው። ደረቅ ሥራ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኤስ 52.531 ጂ የሚባል ኮድ አለ። ሲያዩት የመኪና ታርጋ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ምልክት የሚናገረው አለው። ኤስ ማለት ጉዳት ደርሷል ማለት ነው። 52 የክንድ አጥንት ስብራት መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ ያለው 5 በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ የሚባለው አጥንት ታችኛው ጫፍ፣ ማለትም ከእጅ አንጓው አጠገብ መሰበሩን ይገልጻል። 3 ሲሆን ኮሊስ የሚባለው ዓይነት ስብራት ነው። 1 ቀኝ እጅ ነው፤ ግራ ቢሆን ኖሮ 2 ይሆን ነበር። መጨረሻ ላይ ያለችው ጂ ደግሞ በሽተኛው ለክትትል ሲመጣ አጥንቱ ከሚጠበቀው በላይ ዘግይቶ እየዳነ ነው ትላለች። በጂ ፋንታ ዲ ቢገባ አጥንቱ በወጉ እየገጠመ ነው ማለት ነው። ኬ ከሆነ ጨርሶ አልገጠመም፤ ፒ ከሆነ ጠምሞ ገጥሟል። አንዲት ፊደል፣ አራት የተለያየ ዕጣ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ቁጥርና ፊደል መካከል የአንድ ሰው ስም ተሰክቶ ሳይ፣ ይህ ሰው ማነው ብዬ መጠየቄ አልቀረም። እየፈለግሁ ሳነብ ያገኘሁት ሰው ደግሞ ከጠበቅሁት በላይ ወደድኩት።

ኮሊስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1773 በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ፣ ኪልኬኒ ከተማ አጠገብ ነው። ቤተሰቡ ጥቁር እምነበረድ የሚወጣበት የድንጋይ ካባ ነበረው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። እናቱ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የካባውን ሥራ ራሷ ይዛ ልጆቿን አሳደገች፣ አስተማረች። በዚያ ዘመን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ድንጋይ ፈላጮችን እያዘዘች፣ ሒሳብ እያወራረደች መኖር ቀላል ነገር እንዳልነበር መገመት አያቅትም። ልጇ በኋላ በሒሳብ አያያዙ ጥንቁቅ መሆኑን ሳይ፣ ይህ ከማን እንደመጣ ለራሴ ገምቻለሁ።

ወደ ሕክምና ስለገባበት መንገድ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በከተማው ወንዙ ሞልቶ የአንድ ሐኪም ቤት ውስጥ ገባና ዕቃውን ጠራርጎ ወሰደ። ከተወሰዱት መካከል ስለ ሰው አካል የሚያስተምር መጽሐፍ ነበረበት። ተማሪው ኮሊስ መጽሐፉን ሜዳ ላይ ወድቆ አገኘው። ለባለቤቱ ሊመልስ ሄደ። ሐኪሙም የልጁ ዓይን መጽሐፉ ላይ መቅረቱን አይቶ መልሶ ለእሱ ሰጠው ይባላል። ታሪኩ ሲነገር ሲነገር ያማረ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ደስ ይላል፤ ጎርፍ ያመጣው ሙያ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1790 ደብሊን ሄዶ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። በዚያው ዓመት ፊሊፕ ዉድሮፍ ከሚባል የዶክተር ስቲቨንስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ዘንድ ለሥራ ልምምድ ተቀጠረ። የዚያን ጊዜ ቀዶ ሕክምና እንደ አናጺነት ነበር። አንድ ባለሙያ ሥር ዓመታት ተቀምጠህ፣ ዕቃ እያቀበልክ፣ ደም እየጠረግህ፣ እያየህ ትማራለህ። ኮሊስ ሁለቱንም አንድ ላይ ሄደበት፤ ወረቀቱንም፣ እጁንም። በ1795 የቀዶ ሐኪምነት ፈቃዱን ከአየርላንድ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አገኘ። ከዚያ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በ1797 ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዲግሪውን ያዘ።

ከኤድንብራ ወደ ለንደን የሄደው በእግሩ ነው ይባላል። ካርታ ላይ ብታዩት ከ600 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ነው። ለንደን ሲደርስ አስትሊ ኩፐር የሚባለውን በዘመኑ ስመ ጥር የሆነ ቀዶ ሐኪም አስከሬን ሲመረምር ያግዘው ጀመር። ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት ወደ ደብሊን ተመልሶ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያ ዓመት ገቢው ዘጠኝ ፓውንድ እንኳ እንዳልሞላ ይነገራል። ሁለት ትምህርት ጨርሶ፣ አገር አቋርጦ በእግሩ ተጉዞ፣ ተመልሶ ገበያ ማጣት። እዚህ አሜሪካ አገሩ ላይ የተማረውን ዲግሪ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ከዜሮ የጀመረ ወገን ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

ዕድሉ የተከፈተው በ1799 ነው። መምህሩ ዉድሮፍ ሲሞት ኮሊስ በዶክተር ስቲቨንስ ሆስፒታል በቦታው ተተካ። ይህ ሆስፒታል ራሱ ታሪክ አለው። ሪቻርድ ስቲቨንስ የሚባል ሐኪም ሲሞት ሀብቱን ለእህቱ ለግሪዘልዳ ተናዘዘ፤ ከእሷ በኋላ ለድሆች ሆስፒታል እንዲሠራበት። ግሪዘልዳ ግን እስክትሞት አልጠበቀችም። በሕይወቷ ሳለች ሥራውን አስጀምራ፣ ሆስፒታሉ በ1733 በሩን ከፈተ። ኮሊስ ከዚህ ቤት ከ40 ዓመት በላይ አልተለየም። የደብሊን ድሃ ከጋሪ ሲወድቅ፣ ከደረጃ ሲንሸራተት፣ ሰክሮ ሲደባደብ የሚመጣው ወደዚያ ነበር። ስብራት በየዓይነቱ በእጁ አለፈ።

በ1802 የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጁ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠው። ዕድሜው ገና 28 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የአናቶሚ፣ የፊዚዮሎጂና የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ፤ እስከ 1836 ድረስም አስተማረ። በ1811 ስለ ቀዶ ሕክምና አናቶሚ መጽሐፍ አሳተመ። ተማሪዎቹ የሚያስታውሱት አንድ ነገር አለ። በሽተኛ ከሞተበት በኋላ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ፣ ሳያድበሰብስ፣ ይህን ሰው የገደልኩት እኔ ነኝ ማለቱ ይነገርለታል። ክስ ፈርቶ አልደበቀም፤ በእግዜር ፈቃድም አላመካኘም። ወጣቶቹ እንዲማሩበት ብሎ ነው።

አሁን ወደ እጅ አንጓው እንምጣ። ዘመኑ 1814 ነው። ራጅ የሚባል ነገር የለም። ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 ስለሆነ ገና 81 ዓመት ይቀራል። ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ወደፊት ዘርግቶ መዳፉን መሬት ላይ ይተክላል። የአካሉ ክብደት ሁሉ እዚያች አንጓ ላይ ያርፋል። አጥንቱ ይሰበርና ጫፉ ወደ እጁ ጀርባ ይገፋል። እጁን ከጎን ስታዩት ተደፍቶ የተቀመጠ ሹካ ይመስላል። በዚያ ጊዜ የነበሩ ሐኪሞች ይህን ሲያዩ ውልቃት ነው ይሉ ነበር። አንዳንዱም ወለምታ ነው ብሎ አሽቶ ይልከዋል። ውልቃት ነው ያለው ደግሞ ስቦ ወደ ቦታው ሊመልስ ይታገላል። ትንሽ የተመለሰ ይመስልና ሲለቁት ተመልሶ ይጣመማል።

ኮሊስ ይህን ደጋግሞ አየ። የጠረጠረውም መልሶ መጣመሙን ነው። ውልቃት ቢሆን አንዴ ከገባ በቦታው ይጸናል። ይህ ግን አይጸናም። እንግዲያው የተሰበረ ነገር አለ ማለት ነው። ስብራት ደግሞ ሲነካ ይንቋቋል፤ ይህ አይንቋቋም፤ ሁሉንም ያሳሳታቸው ይህ ነው። ኮሊስ የበሽተኛውን እጅ በአንድ እጁ አጥብቆ ሳበው፤ በሌላው እጁ አጥንቱን ዳሰሰ። እጁን ስቦ ሲያንቀሳቅሰው የተሰበረው የአጥንት ጫፍ ሲላወስ ተሰማው። ስብራቱንም ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ ራዲየሱ ላይ አገኘው። እንዲህ ዓይነት ስብራት ያለበትን አስከሬን ከፍቶ ለማየት እንኳ ዕድል አላገኘም ነበር። በጣቶቹና በማሰቡ ብቻ ነው የደረሰበት። በኤድንብራ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ገጹ ጥቂት ነው። ስሙን ግን እስከ ዛሬ ያኖረው እሱ ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ክላውድ ፑቶ የሚባል የሊዮን ቀዶ ሐኪም ተመሳሳይ ነገር ቀደም ብሎ ጽፎ ነበር። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1783 ነው። ስለዚህ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ስብራቱን በፑቶ ስም ይጠሩታል። ኮሊስ የፑቶን ሥራ የሚያውቅ አይመስልም። ስብራቱ አንድ ነው፤ ስሙ ግን እንደ አገሩ ነው።

ጽሑፉ ውስጥ አንድ ተስፋም አለ። ኮሊስ እንዳለው፣ ሳይታከም የቀረ ሰው እንኳ መጣመሙ ዕድሜ ልኩን ይኖራል እንጂ ከጊዜ በኋላ እጁን እንደልቡ ያንቀሳቅሳል፤ ሕመሙም ጨርሶ ይለቀዋል። ሐኪሞች በዚህ ነገር ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ግማሹ እውነት ነው። ያ የራዲየስ ጫፍ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበትና ደም በደንብ የሚያገኝ አጥንት ስለሆነ ጨርሶ አለመግጠሙ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ብዙ ጊዜ በስድስት ሳምንት አካባቢ ይይዛል። ብዙ አረጋውያንም አንጓቸው ጠምሞ ገጥሞም ሥራቸውን ይሠሩበታል። የቀረው ግማሽ ግን እንደዚያ አይደለም። ስኳር ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ምግቡ የሳሳ፣ አጥንቱ በደንብ ሳይታሰር የቀረ፣ ወይም ስብራቱ የተፈረካከሰበት ሰው ከዚያ በላይ ሊቆይበት ይችላል። አንጓው ላይ ካሉት ትንንሽ አጥንቶች አንዱ፣ ስካፎይድ የሚባለው፣ ደግሞ ደም የሚያገኘው በተቃራኒው ጫፍ በኩል ስለሆነ ሲሰበር መዘግየት ልማዱ ነው። በመጀመሪያው ራጅ ላይ ሳይታይ የሚያልፍበት ጊዜም አለ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው፣ ዝም ብለህ ጠብቅ፣ ይለቅሃል ማለት ሕክምና አይሆንም።

እኛም አገር ቤት ስናድግ ይህን ያየነው ነው። ልጅ ከዛፍ ወድቆ አንጓው ሲያብጥ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል፣ ይሳባል፣ በሸምበቆ ይጠፈራል። ወጌሻው በጣቶቹ ብቻ ስብራትና ወለምታ ሲለይ ያየ ሰው ኮሊስ ያደረገውን ለመረዳት አይከብደውም። በሌላ በኩል ደግሞ ከመጠን በላይ ተጠፍሮ ደም አጥቶ እጁ የተቆረጠም አለ። ጣት ብዙ ያውቃል፤ ሁሉን ግን አያውቅም። ኮሊስም ቢሆን ራጅ ቢያገኝ እምቢ የሚል ሰው አይመስለኝም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አነሳሁት? ባለፈው ክረምት እዚህ በረዶ ላይ ተንሸራተው የወደቁ አንዲት እናት አሉ። የጎረቤቴ እናት ናቸው፤ እኔም እማማ ነው የምላቸው። ቀኝ አንጓቸው ተሰበረ። ጀሶ ታሰረላቸው፤ ከሳምንታት በኋላ ተፈታ። አራት ወር ሆኖም ሕመሙ አልለቅ አለ። ምጣድ ላይ ሊጥ ሲያዞሩ አንጓው አልታዘዝ ይላቸዋል። አክንባሎ ማንሳት አቃታቸው። ጠዋት ሲያማትቡ እንኳ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ነው። እሳቸው ይህን ሁሉ ለሐኪም አልነገሩም፤ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ነው የሚመለሱት። ያደጉበት ጨዋነት ነው።

ሐኪማቸው ግን ራጁን አይቶ አጥንቱ እንዳልያዘ ተረድቷል። አጥንት እንዲያድግ የሚያነቃቃ ትንሽ መሣሪያ አዘዘላቸው። ኢንሹራንሱ አልከፍልም የሚል ደብዳቤ ላከ። ልጃቸው ደብዳቤውን ይዛ መጣች፤ አንተ ሥራህ ነው፣ እስቲ እየው አለችኝ። አየሁት። ሐኪሙ በማስታወሻው ላይ አጥንቱ ድልድይ እንዳልሠራ፣ እንደዘገየ በግልጽ ጽፏል። ለኢንሹራንሱ የሄደው ወረቀት ላይ ግን የገባችው ፊደል ጂ ሳትሆን ዲ ናት። በወረቀቱ መሠረት የእማማ እጅ በወጉ እየዳነ ነው። በወጉ እየዳነ ላለ አጥንት ደግሞ ማን መሣሪያ ይገዛል? ኢንሹራንሱ ያነበበው ዲን ነው፤ ምጣዱንና አክንባሎውን አላየም።

ልጃቸው ወደ ክሊኒኩ ደውላ የሐኪሙ ማስታወሻና የተላከው ኮድ እንደማይስማማ በትሕትና አስረዳች። ወረቀቱ ታርሞ ሄደ። ጊዜ ወሰደ፤ ሁለት ስልክና አንድ ደብዳቤ ጠየቀ። መሣሪያው መጣ። እማማ የኮዱን ነገር ሳስረዳቸው ከሁሉ የገረማቸው ፊደሏ አይደለችም፤ የሰው ስም ወረቀቱ ላይ መኖሩ ነው። ይህ ኮሊስ የተባለው ሰው የሞተ ነው ወይስ በሕይወት ያለ፣ ብለው ጠየቁኝ። ከሞተ ቆይቷል ስላቸው ነፍስ ይማር አሉ።

የኮሊስ ስም እዚያ ወረቀት ላይ እንዴት እንደደረሰ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሮች ሰው በምን እንደሚሞት መቁጠር ጀመሩ። ችግሩ ሁሉም የየራሱን ስም መጠቀሙ ነበር። በ1893 የፓሪስ ከተማ የስታቲስቲክስ ኃላፊ የነበረው ዣክ ቤርቲዮን የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አዘጋጅቶ ለዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ተቋም ቺካጎ ላይ አቀረበ። ዝርዝሩ በየጊዜው እየታረሰ ሄደ። በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ስድስተኛውን እትም ሲረከብ፣ የሚገድሉ ነገሮች ብቻ ሳይሆኑ ሕመሞችና ጉዳቶችም በሰፊው ገቡበት። አሥረኛው እትም በ1990 ጸደቀ። አሜሪካ የራሷን ዝርዝር ጨምራበት በሥራ ላይ ያዋለችው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የኮሊስ ስብራት 813.41 የሚባል ቁጥር ነበረው፤ ቀኝ ይሁን ግራ እንኳ አይናገርም ነበር። አሁን ግን እጁንም ይለያል፣ ስንተኛው ጉብኝት እንደሆነም፣ አጥንቱ እንዴት እየሄደ እንደሆነም ይናገራል። ቁጥሩ በበዛ መጠን እውነቱ ቀረበ፤ የመሳሳቻው ቦታም በዚያው ልክ በዛ።

በሥራችን አንድ ሕግ አለ። ኮድ የሚሰጠው ሰው የራሱን ግምት መጻፍ አይችልም። ሐኪሙ ያልጻፈውን እኔ አልጽፍም። ማስታወሻው ግራ ካጋባኝ ለሐኪሙ ጥያቄ እልካለሁ፤ እሱ ይመልሳል፤ ከዚያ ነው ቁጥሩ የሚገባው። ሌላም አለ። በዕድሜ ምክንያት አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች ጤነኛ አጥንት በማይሰብር ትንሽ መውደቅ ከተሰበሩ፣ ኮዱ ከጉዳቶች ምድብ ወጥቶ ኤም 80 ወደሚባለው የአጥንት መሳሳት ምድብ ይሄዳል። ያኔ የኮሊስ ስም ከወረቀቱ ይጠፋል። ነገሩ ግን ለሰውየው ይጠቅማል፤ ችግሩ በረዶው ብቻ ሳይሆን አጥንቱ ራሱ መሆኑ ይታወቃልና፣ ቀጣዩ ስብራት ዳሌ ላይ ከመምጣቱ በፊት መድኃኒት ይታዘዝለታል። ለዚህም ሐኪሙ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ኮሊስን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው የገቢ መዝገብ ነበረው። ከበሽተኛ የተቀበለውን ገንዘብ ለምን እንደተቀበለ አጠገቡ ይጽፋል። አንዱ ቦታ ላይ፣ ጆሮው ለደነቆረ ሰው ምንም ያልፈየደ ምክር ሰጥቶ መቀበሉን ጽፏል። ሌላ ቦታ፣ የጥርስ ስባሪ ሊነቅል ሞክሮ የተከፈለውን። ሌላ ቦታ ደግሞ፣ አንዱን ሰው አንተ ከእኔ የበለጠ አልታመምክም ብሎ ስለሸኘው የተከፈለውን። የተከፈለበትን ምክንያት ራሱም የማያውቀው፣ ምናልባት ሰውየው ባለፈው አሳንሶ ከፍሎ ይሆናል ብሎ የገመተበትም አለ። እኔ በቀን ስንት የሒሳብ ወረቀት አያለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ሐቀኛ ግን አይቼ አላውቅም። ኮሊስ ኮድ አያውቅም ነበር። የኮድ ሥራ ዋናው ነገር ግን ይኸው ነው፤ የሆነውን እንደሆነ መጻፍ።

ሐቀኛ ሰው አይሳሳትም ማለት አይደለም። በ1837 ስለ ቂጥኝና ስለ ሜርኩሪ ሕክምና ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ነገር አስተዋለ። ከቂጥኝ ጋር የተወለደ ሕፃን የምታጠባው የገዛ እናቱ ከሆነች አትያዝም፤ ሌላ ሴት ብታጠባው ግን ትያዛለች። ይህ የኮሊስ ሕግ ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲጠቀስ ኖረ። እናቲቱ ጤነኛ ናት፣ በሽታው አይነካትም ተባለ። በ1906 የቫሰርማን የደም ምርመራ ከመጣ በኋላ ግን እናቶቹ ያልተያዙት ቀድሞውኑ ታመው ስለነበር እንደሆነ ታወቀ። ያየው ትክክል ነበር፤ የተሰጠው ትርጉም ነው ያልሠራው። ደህና ናት ተብላ የተጻፈች ሴት በውስጧ በሽታውን ይዛ ትኖር ነበር። የእማማን ዲ ሳስብ ይህ ታሪክ ይመጣብኛል። ደህና ተብሎ የተጻፈን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

በዚህ መካከል ኑሮው ተለውጧል። ከትንሽ ገቢ ተነስቶ በደብሊን ከታወቁት ባለ ብዙ በሽተኛ ሐኪሞች አንዱ ሆነ። በ1807 ሶፊያ ኮፕ የምትባል ሴት አገባ፤ ብዙ ልጆች ወለዱ። ከልጆቹ አንዱ ዊልያም የአባቱን ሙያ ያዘ። በ1830 ኮሌጁ ለሁለተኛ ጊዜ ፕሬዚዳንት አደረገው። በ1839 ባሮኔት የሚባለው የመኳንንት ማዕረግ ሲቀርብለት አልፈልግም አለ። ስሙን በማዕረግ ማስረዘም አላስፈለገውም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሕመም አደከመው። በ1841 ከሆስፒታሉ ሥራ ለቀቀ። መሞቱን ሲያውቅ ደግሞ ሮበርት ስሚዝ ለሚባለው ባልደረባው አደራ አለው። ስሞት አስከሬኔን ክፈተውና ሕመሜ ምን እንደነበር በትክክል ፈልግ ነው ነገሩ። ዕድሜ ልኩን የሌላውን ሰው ሕመም ሲለይ የኖረ ሰው፣ የራሱም ሳይታወቅ እንዲቀበር አልፈለገም። በ1843 መገባደጃ ላይ ሞተ። ስሚዝም አደራውን አልበላም፤ ምርመራውን አደረገ፤ ውጤቱንም ለሙያ ጓዶቻቸው አቀረበ። ኮሊስ በደብሊን ማውንት ጀሮም መካነ መቃብር ተቀበረ።

ይኸው ስሚዝ በ1847 ስለ ስብራት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም የአንጓውን ስብራት በኮሊስ ስም አስጠራው። አጥንቱ ወደ እጁ ጀርባ ሳይሆን ወደ መዳፍ የሚገፋበትን ተቃራኒውን ስብራት ደግሞ ገለጸ፤ ያ በራሱ በስሚዝ ስም ተጠራ። ዛሬ የኮድ መጽሐፉን ብትገልጡ ኮሊስ 52.53 ላይ ነው፤ ስሚዝ 52.54 ላይ። ያስከፈተውና የከፈተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች አስበው ያደረጉት አይመስለኝም። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

የዶክተር ስቲቨንስ ሆስፒታል በ1987 ተዘጋ። ሕንጻው አልፈረሰም። ዛሬ የአየርላንድ የጤና አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ኮሊስ አንጓ እየሳበ የሚዳስስበት ቤት የወረቀት ቤት ሆኗል ማለት ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ አዘንኩ። ኋላ ግን ሳስበው፣ ወረቀቱም የበሽተኛው አካል ነው። ሐኪሙ በጣቱ ያገኘው እውነት ወረቀቱ ላይ ካልደረሰ በሽተኛው ዘንድ ተመልሶ አይደርስም።

እናንተም አጥንታችሁ፣ ወይም የእናታችሁ አጥንት፣ በጊዜው አልይዝ ካለ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ለሐኪሙ ደህና ነኝ ብላችሁ አትመለሱ፤ የማታነሱትን ዕቃ፣ የማትዘጉትን ቁልፍ በስሙ ንገሩት፣ እንዲጽፈውም ጠይቁት። ሁለተኛ፣ ኢንሹራንስ ባለበት አገር የምትኖሩ ከሆነ፣ አልከፍልም የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ሳትደናገጡ የሐኪሙን ማስታወሻና የተላከውን ኮድ ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ኮሊስ ሁለት ጊዜ ሳይዳስስ አልፈረደም፤ እኛም አንድ ጊዜ ሳናነብ አንፈርም።

ቸር እንሰንብት!